አቦል የተባለው ፕላኔት ኮከቡ ሥር እየተቆላ ነው? ታዲያ እንዴት አያርርም?

ባለጀበናዋ (ጅማ)፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ማታ ዕቃዬን ሰብስቤ ስገባ ሰው የጻፈውን አነባለሁ እንጂ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ግን የሚከነክነኝ ነገር አለ።

ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ዳር ሸራ ወጥሬ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ሰባት በርጩማ አለኝ፤ ሁሉም የጅማ፣ ባለ ሦስት እግር። ሥራውን ከጀመርኩ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ የመጀመሪያውን ሲኒ ስሰጠው «እትዬ፣ አቦል የሚባል ፕላኔት እንዳለ ያውቃሉ?» አለኝ። የሚያጫውተኝ መስሎኝ ነበር። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ኮከቡ «ቡና» ይባላል። የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል»። ስሙን ያወጣችው ኢትዮጵያ ናት። እውነቱን ልናገር፣ እንባዬ መጣ። እኔ በቀን ስንት ጊዜ «አቦል ደርሷል» እላለሁ። ያ ቃል እዚያ ድረስ መሄዱን ማን ነገረኝ!

ከዚያ ልጁ ስለ ሌሎች ፕላኔቶች ያወራኝ ጀመር። እንደ ጁፒተር ግዙፍ ሆነው ኮከባቸው ሥር ተጠግተው የሚዞሩ አሉ አለኝ። አንድ ዙር የሚጨርሱት በሦስት በአራት ቀን ነው። አንዳንዶቹ ላይ ያለው ሙቀት ብረት ያቀልጣል። መሬት የላቸውም፣ አብዛኛው አካላቸው ጋዝ ነው። ይህን ብሎኝ ክፍል ደረሰበትና ሄደ። እኔ ግን እስካሁን ከዚያ ሐሳብ አልወጣሁም።

ለምን መሰላችሁ? እኔ እሳትና ቡና አውቃለሁ። ስቆላ ዓይኔን ከምጣዱ አልነቅልም። ጥሬው መጀመሪያ አረንጓዴ ነው። ቀስ እያለ ቢጫ ይሆናል፤ የደረቀ ሣር ይሸታል። ከዚያ ይጠቁርና መንጣጣት ይጀምራል። ሲንጣጣ ያብጣል፣ ገለፈቱም ይበናል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቆልቼ ብመዝነው 800 ግራም ቢሆን ነው። ሁለት መቶ ግራሙ በጭስና በእንፋሎት ሄዷል ማለት ነው። ያውም በሩብ ሰዓት፣ በከሰል እሳት። ካላመስኩት ደግሞ የታችኛው ጎኑ ያርራል፣ የላይኛው ጥሬ ይቀራል።

ጠንካራው ፍሬ እንዲህ ከሆነ ጋዝ እንዴት ይቆያል? ብረት በሚያቀልጥ እሳት ሥር ሆኖ ስንት ዘመን! በንኖ ማለቅ አልነበረበትም? ደግሞስ ያን ያህል ከተጠጋ ኮከቡ ውስጥ ለምን አይወድቅም? ልጁ እንደሚለው ፕላኔቱ በቴሌስኮፕም ቢሆን በዓይን አይታይም። ካልታየ መኖሩን በምን አወቁ? የእኛ አቦልስ ከነዚህ ከሚቆሉት አንዱ ነው?

የሚያውቅ ሰው በቀላል ቋንቋ ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።


የፊዚክስ መምህር (ጅማ)፦

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ተማሪ ቢጠይቀኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። አንቺ ሚዛን ላይ አስቀምጠሽ ነው የመጣሽው። እኔም ከሚዛኑ ልጀምር።

ከምጣድሽ ጭሱ የሚሄደው የሚይዘው ስለሌለ ነው። አንዲት ፍሬ ቡና ጭሷን ወደ ራሷ ስባ የምታስቀርበት አቅም የላትም። ስበት ከክብደት ጋር ነው የሚሄደው። ምድር ትልቅ ስለሆነች አየሯን ይዛ ቆየች። ጁፒተር ደግሞ ከምድር 318 እጥፍ ይከብዳል። ጋዝ መሆኑ አያታልሽ። ያን ያህል ጋዝ አንድ ላይ ሲከማች የራሱ ክብደት አፍኖ ይይዘዋል።

ይበናል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይበናል! ግምትሽ ልክ ነው። ኤችዲ 209458 ቢ የሚባል ፕላኔት አለ። ከእኛ 160 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)፤ ኮከቡን በሦስት ቀን ተኩል ይዞራል። በ2003 እ.ኤ.አ. በሃብል ቴሌስኮፕ የተመለከቱት ተመራማሪዎች ሃይድሮጅን ጋዝ ከፕላኔቱ እየሸሸ መሆኑን ደረሱበት። የገመቱት መጠን በሰከንድ ቢያንስ 10,000 ቶን ነው። አንድ አይሱዙ 5 ቶን ቢጭን በየሰከንዱ 2,000 አይሱዙ ሙሉ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው።

ይህን ስሰማ እኔም እንዳንቺ «አለቀለት» ብዬ ነበር። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። በዚህ ፍጥነት 5 ቢሊዮን ዓመት ሙሉ ቢበን የሚያጣው ከክብደቱ ከሺህ አንድ እጁን ገደማ ነው። አንቺ ከኪሎው 200 ግራም አጣሽ። እሱ በዚያ ሁሉ ዘመን ከኪሎው አንድ ግራም ብቻ ቢያጣ ነው። ትልቅነት ማለት ይሄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትጠይቂኝ ልጨምር። ቡናው ሲቆላ እየቀለለ ያብጣል አልሽ። ያ ፕላኔትም ክብደቱ የጁፒተርን 70 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ወርዱ ከጁፒተር በሲሶ በላይ ይሰፋል። በአማካይ ከውሃ ይቀላል። ሙቀቱ እንዳይኮማተር ይዞታል። ያ ሙቀት እንዴት እስከ ውስጥ ዘልቆ እንደሚያሳብጠው ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ግን ያንቺን ምጣድ ሳስብ ነገሩ ቀረበኝ።

ለምን አይወድቅም ላልሽው፣ ወንጭፍ ሲዞር አይተሻል መቼም። ገመዱ ድንጋዩን ወደ እጅ ይጎትተዋል። ድንጋዩ ግን ወደ ጎን ስለሚከንፍ እጅ ላይ አይደርስም። የኮከቡ ስበት ገመዱ ነው። በጣም የተጠጋ ፕላኔት ስበቱ ስለሚበረታበት በጣም መፍጠን አለበት። ከነዚህ ከተጠጉት ግዙፎች ቀድሞ የተገኘው 51 ፔጋሲ ቢ ከኮከቡ ያለው ርቀት ወደ 8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ምድር ከፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ አስቢ። ያ ፕላኔት በሰከንድ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ከጅማ አዲስ አበባ ሦስት ሰከንድ አይፈጅበትም።

የሚወድቅም አለ። ዋስፕ-12 ቢ የሚባለው ኮከቡን ከአንድ ቀን በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይዞራል። ዙሩ በየዓመቱ በ29 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺህኛ) እያጠረ መሆኑን ለክተዋል። እየተጠጋ ነው ማለት ነው። በዚህ ከቀጠለ 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢቀረው ነው። ለሰው ረጅም ነው፤ ለፕላኔት ግን ነገ እንደ ማለት ነው።

በምን አወቁ ወዳልሽው ልምጣ። አንቺ መንገድ ዳር ነሽና ይህን በጆሮሽ ታውቂዋለሽ። አይሱዙ ክላክስ እያደረገ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል። አልፎሽ ሲሄድ ወዲያው ይወፍራል። መኪናውን ሳታዪ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ እየመጣ ይሁን እየሄደ ትለያለሽ። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ኮከብ ወደ እኛ ሲመጣ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ትንሽ ሸርተት ይላል። ፕላኔቱ ሲዞር ኮከቡንም ይጎትተዋል፤ ኮከቡ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ የተባሉ ሁለት የስዊዘርላንድ ሳይንቲስቶች ደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው የኦት ፕሮቫንስ መመልከቻ ጣቢያ 51 ፔጋሲን ሲከታተሉ ኮከቡ በሰከንድ 55 ሜትር ያህል ወደ እኛ ሲመጣና ሲርቅ አዩ። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ የፈጣን መኪና ፍጥነት። ከ50 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ይህን መለካት! ዙሩ 4.23 ቀን ሆነ። ጊዜው 1995 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በእኛ 1988። መጀመሪያ ብዙዎች ተጠራጠሩ። ግዙፍ ፕላኔት የሚፈጠረው ከኮከቡ ርቆ፣ ብርድ ባለበት ነው ብለው ነበርና። ካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች ብዙም ሳይቆዩ አይተው አረጋገጡት። ማዮርና ኬሎ በ2019 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራቸው የፊዚክስ ኖቤልን ግማሽ አገኙ።

ኦቶ ስትሩቭ የሚባል የከዋክብት ተመራማሪ በ1952 እ.ኤ.አ. ግዙፍ ፕላኔት ኮከቡ አጠገብ በጥቂት ቀን ሊዞር ይችላል፣ በዚሁ ዘዴም ልንፈልገው እንችላለን ብሎ ጽፎ ነበር። የተከተለው ሰው ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። 43 ዓመት አለፈ። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ፤ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ስለ አቦል ግን እንዳልሳሳት ለሌላው ልተወው።


ተማሪው (ጅማ)፦

እትዬ፣ ያ ልጅ እኔ ነኝ። ክፍል ደርሶብኝ ጨዋታውን በመሃል ስለቆረጥኩት ሁለቱን ነገር አደባልቄብዎታለሁ፤ ይቅርታ። አቦል ከነዚያ ከሚቆሉት አይደለም።

ኮከቡ ካታሎግ ላይ ኤችዲ 16175 ነው የሚባለው። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ከ100 በላይ ለሆኑ አገሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም አስወጣ። ለእኛ የደረሰን ይሄ ነው። ስሞቹ ይፋ የሆኑት ታኅሣሥ 2012 ነው። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 መጠቀች። ያን ሳምንት መቼም አልረሳውም።

አቦል ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ይከብዳል። ኮከቡን ለመዞር ግን 990 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ከሁለት ዓመት ከስምንት ወር በላይ ነው። መንገዱ ደግሞ እንደ እንቁላል የተለጠጠ ነው። ሲቀርብ ምድር ለፀሐይ ከምትቀርበው በላይ ይቀርባል። ሲርቅ የእኛ ማርስ ካለችበት አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ አንዴ እሳቱ ላይ ይጣዳል፣ አንዴ ይወርዳል ቢባል ይሻላል።

ካልታመሰ ያርራል ያሉት ግን ሳስበው ዋለ። እነዚያ የተጠጉት ፕላኔቶች በእርግጥም አይገለበጡም። ጨረቃ ለእኛ አንድ ፊቷን ብቻ እንደምታሳይ ሁሉ እነሱም ለኮከባቸው የሚያሳዩት አንዱን ጎናቸውን ነው። በአንዱ ጎን ሁልጊዜ ቀን፣ በሌላው ሁልጊዜ ሌሊት ነው። የሚያምሳቸው ነፋስ ነው። ኤችዲ 189733 ቢ ላይ ነፋሱ በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ስለዚህ ሌሊቱ ጎን ጨርሶ አይቀዘቅዝም፤ 700 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀኑ ጎን ከ900 በላይ ነው። ከሁሉም የሚያቃጥለው ኬልት-9 ቢ ነው። ቀኑ ጎኑ 4,300 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከብዙ ኮከቦች ይበልጣል። እዚያ ብረት አይቀልጥም እትዬ፣ ጋዝ ሆኖ ነው የተገኘው።


ባለጀበናዋ (ጅማ)፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ፣ ይቅርታ አያስፈልግም። አንተ ባታነሳው እኔ ይህን ሁሉ ከየት እሰማ ነበር!

ነፋሱ ያምሳቸዋል የሚለው ልቤ ገባ። ዛሬ ጠዋት ስቆላ ሆን ብዬ ለትንሽ ጊዜ ማመሱን አቆምኩ። አንድ እፍኝ ነው፣ የሚጎዳ አይደለም። አንዷን ፍሬ አንስቼ አገላብጬ አየኋት። በእሳቱ በኩል የጠቆረች፣ በላይ በኩል ቢጫ፣ መሃሏ ላይ ደግሞ ቀጭን ቡናማ መስመር። ያ መስመር የማታና የጠዋት ድንበር መሆኑ ነው አልኩ። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። አሥር ዓመቷ ነው። «እማ፣ እዚህ መስመር ላይ ብንኖርስ?» አለችኝ። መሬት እንደሌለው ነገርኳት።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ፕላኔቱ ባይታይም ኮከቡ በዓይን ይታያል? ቡናንም ሆነ ያንን 51 ፔጋሲን እዚህ ጅማ ሆኜ ማየት እችላለሁ?


የፊዚክስ መምህር (ጅማ)፦

51 ፔጋሲ ይታያል፤ ግን ደብዛዛ ስለሆነ ጨለማ ይፈልጋል። ወቅቱም ደህና ነው። በኅዳር ከማታው አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ቀና በይ። ከአናትሽ ትንሽ ወደ ሰሜን አራት ኮከቦች ትልቅ አራት ማዕዘን ሠርተው ታገኛለሽ። በምዕራብ በኩል ያሉትን ሁለቱን ያዢ። በሁለቱ መሃል፣ እጅሽን ዘርግተሽ የአንድ ጣት ወርድ ያህል ወደ ውጭ ወጣ ብሎ አንድ ትንሽ ኮከብ አለ። እሱ ነው።

ቡና ግን በባዶ ዓይን አይታይም። ባይኖኩላር ያስፈልጋል። ያለው ከዚያው ጎረቤት፣ አንድሮሜዳ በምትባለው የኮከብ መንደር ነው። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ስሙ ቦታውን አግኝቷል።


የአልጋ ጠባቂ (ማና)፦

እኔ ስለ ፕላኔት የተማርኩት የለም። የቡና ማድረቂያ አልጋ ጠባቂ ነኝ። አሁን ለቀማ ስለሆነ ማታ ማታ ሸራውን አልብሼ እስኪነጋ ቁጭ እላለሁ። መምህር ያሉትን አራት ማዕዘን ዘንድሮ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ አየዋለሁ። እኔ «ቤቱ» ነበር የምለው። ስም እንዳለው አላውቅም ነበር።

ያቺን ትንሿን ኮከብ ትናንት ፈለግኳትና አገኘኋት። እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ቀጥ ብለው ካዩዋት ትጠፋለች። ጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ጅብ ይሁን ሰው ለመለየት ጎኑን ነው የማየው። ኮከቧንም ጎኗን ይዩ። መጀመሪያ ደግሞ ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱ። ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። ጨረቃ ካለች አይድከሙ።


ባለጀበናዋ (ጅማ)፦

ወንድሜ፣ ተባረክ። ያልከውን ሁሉ አደረግኩ።

ትናንት ማታ ሰፈሩ መብራት ጠፋ። ጨረቃም አልነበረችም። እኔና ልጄ በርጩማ ይዘን ወደ ጓሮ ወጣን። ስልኩን ቤት ተውነው። ከሰሉን አመድ አለበስኩት፣ ፍሙ ዓይናችንን እንዳይወስደው። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ሰማዩ እየሞላ መጣ። አራት ማዕዘኑን ልጄ ቀድማኝ አየችው። ያልከው ልክ ነው፣ ቤት ይመስላል።

ትንሿ ግን አስቸገረችኝ። ቀጥ ብዬ ሳያት የለችም። ዓይኔን ወደ ባሕር ዛፉ ጫፍ ሳደርግ ከጎን ብቅ አለች። መልሼ ሳያት ጠፋች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገችኝ። ከዚያ ለመድኳት። ጭል ጭል የምትል ነጥብ ናት፤ ሌላ ምንም አይደለችም። ግን ሥሯ ያን የሚያህል ነገር በአራት ቀን ሲዞር እያሰብኩ አየኋት። መብራቷ ከተነሳ 50 ዓመት ገደማ ነው። እናቴ እኔን ሳትወልድ፣ ጅማ ገና ስትገባ መሆኑ ነው። እሷም የመጣችው ቡና ለመልቀም ነበር።

ልጄ አንገቷ ደክሟት ጭኔ ላይ ተኛች። እኔ ትንሽ ቆየሁ።

ተማሪው፣ ግቢያችሁ ውስጥ ባይኖኩላር የሚያውስህ ሰው ካገኘህ ቅዳሜ ማታ ይዘህ ና። መምህርም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ጀበናውን አልሰበስብም። ሰማዩ ከጠራ ቡናን እንፈልገዋለን።